«ከዛስ?» የምትል ጓደኛ

እንደምን አመሻችሁ? እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ከኋላ የቆማችሁም ጭምር፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ፊት ለፊት ባዶ ወንበሮች ይታዩኛል። ኑ ቅረቡ። የዛሬው ወሬ ተጠጋግተው የሚያወሩት ዓይነት ነው።

ስለ አንድ ዓይነት ልቦለድ ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ያላገባች ሴት ናት። ሥራ አላት፤ አንዳንዴም ሥራው ከእጇ ሊወጣ ነው። የምትወደው ሰው አለ፣ ወይም ነበር፣ ወይም ያለ መስሏታል። ጓደኞች አሏት። መጽሐፉም ያስቃል። በደንብ ያስቃል።

እነዚህን መጻሕፍት እወዳቸዋለሁ። ሰው ግን ሲጠራቸው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ቀለል ያለ ንባብ ነው» ይላል። «ጊዜ ማሳለፊያ» ይላል። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሰው ማሳቅ ቀላል ነው? ልቧ ስለተሰበረ ሴት ጽፎ፣ ስብራቱን ሳይደብቁ፣ እሷንም ሳያዋርዱ ማሳቅ ቀላል ነው? ሞክሩት። አንድ ገጽ ብቻ ሞክሩት።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ሳቁ ከየት ነው የሚመጣው? ሁለተኛ፣ ጓደኛ ስታገባ ምን ይሆናል? ሦስተኛ፣ ስልክ ምን ለወጠ? መጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ነው የሚመዘዘው። ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ እንዳይምታታባችሁ።

እንግዲህ ሳቁ ከየት ይመጣል?

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ የምወደው ሰው ተለየኝ። ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ በር ላይ እንደቆመ የሚለውን ብሎ ሄደ። እኔ አልጋ ውስጥ ገባሁ። ማታ ላይ ጓደኛዬ መጣች። ጫማዋን አወለቀች፣ አልጋዬ ላይ ወጣች፣ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» አለች። እያለቀስኩ ጀመርኩ። መሃል ላይ አቋረጠችኝ።

«ቆይ፣ ምን ለብሶ ነበር?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ንገሪኝ ብቻ።»

አሰብኩ። ግራጫውን ሹራብ ነበር የለበሰው።

«አንቺ ለልደቱ የገዛሽለትን?»

አዎ፣ እሱኑ። ጓደኛዬ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ በጣም ረጋ ብላ፣ «ለነገሩ ውጪው ይበርድ ነበር» አለች።

እንዴት እንደሳቅን! ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። እንባዬ ገና አልደረቀም ነበር፤ በዚያው ላይ ሌላ እንባ መጣ። ከዚያ ዓይኗን እየጠራረገች፣ «እሺ፣ ከዛስ?» አለች። ቀጠልኩላት። አሁን ግን ሳወራው ሌላ ነገር ሆነ። በሩ ላይ እንዴት እንደቆመ፣ ጉሮሮውን እንዴት እንደጠራረገ፣ ሁሉም ይታየኝ ጀመር። ሰውየው አልተመለሰም። ሹራቡም አልተመለሰም። ያው ታሪክ ነው። ግን አሁን የእኔ ታሪክ ሆኗል፤ እኔ ነኝ የማወራው።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ይዤው የመጣሁት ሐሳብ ይሄ ነው። እነዚህ ልቦለዶች የሚወለዱት ሴትየዋ የሆነችውን ሁሉ ለጓደኛዋ ስታወራ ነው። ፍቅሩ ወሬውን ያመጣል። ወሬውን ወደ ሳቅ የምታሻግረው ጓደኛዋ ናት። «ከዛስ?» የምትል ሰው ከሌለች ያው ወሬ ለቅሶ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እንግሊዛዊቷን ደራሲ ጄን ኦስተንን ውሰዱ። በእጃችን ካሉት ደብዳቤዎቿ የመጀመሪያው የተጻፈው በጥር 1796 ነው። የ20 ዓመት ልጅ ነበረች። የጻፈችው ለእህቷ ለካሳንድራ ነው። ምን ብላ? ቶም ሌፍሮይ ከሚባል ወጣት ጋር በዳንስ ግብዣ ላይ እንዴት እንደጨፈሩ፣ አብረው ተቀምጠው እንዴት ሰው ሁሉ እስኪያያቸው እንዳወሩ ትነግራታለች። ልጁ አንድ ጉድለት ብቻ ነው ያለበት ትላለች፤ የኮቱ ቀለም በጣም ነጣ ማለቱ። አያችሁ? ኮት! እህቷ ምን ለብሶ ነበር ብላ እንደምትጠይቅ ታውቃለች፤ ስለዚህ ቀድማ ትመልሳለች።

ሌፍሮይ ብዙም ሳይቆይ ሄደ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። በኋላ የአየርላንድ ዋና ዳኛ ለመሆን በቅቷል። ጄን ደግሞ በዚያው በ1796 መጨረሻ አካባቢ አንድ ልቦለድ ጀመረች። ከብዙ መስተካከል በኋላ በ1813 «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ተብሎ የታተመው እሱ ነው። ካሳንድራ ከደብዳቤዎቹ አብዛኞቹን ኋላ ላይ አቃጠለቻቸው። ዛሬ የቀሩት 160 ያህል ናቸው። የተቃጠሉትን ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ግን የደብዳቤዎቹ ድምፅ ልቦለዶቹ ውስጥ አለ። ያ ሹል፣ ያ ሳቂታ፣ ያ ጆሮሽን አምጪ የሚል ድምፅ፣ እህትን ለማሳቅ ሲባል የተሞረደ ድምፅ ነው።

ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። ሄለን ፊልዲንግ በ1995 «ኢንዲፔንደንት» በተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ስሟን ሳትጠቅስ አንድ አምድ ጀመረች። በ1996 አምዱ «የብሪጅት ጆንስ ዳያሪ» የሚል መጽሐፍ ሆነ። ሁላችሁም ሰምታችኋል። ብሪጅት ዕለት ዕለት ስትጽፍ መጀመሪያ ኪሎዋን ታሰፍራለች፣ ከዚያ የጠጣችውን፣ ያጨሰችውን ሲጋራ፣ የበላችውን ካሎሪ። ቀጥላ ትወስናለች፤ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ አላደርግም። ጥቂት መስመር ዝቅ ስትሉ አድርጋዋለች።

ይህ ዘዴ እንዴት ነው የሚሠራው? የማስታወሻ ደብተር ሰሚ የለውም። ባዶ ወንበር አለ ማለት ነው። ደራሲዋ አንባቢዋን አምጥታ እዚያ ወንበር ላይ ታስቀምጣታለች። አንባቢዋ የብሪጅት ጓደኛ ትሆናለች። ለዚህ ነው ውሳኔው ሲፈርስ የማንፈርድባት። ጓደኛ ደግሞ ስትሰማ እየሳቀችም ወገን ነች። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በእሷ ላይ መሳቅና ከእሷ ጋር መሳቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህን ልዩነት ማንም ከኦስተን በላይ አላሳየኝም። በ1815 መጨረሻ የወጣው «ኤማ» ውስጥ ሚስ ቤትስ የምትባል ሴት አለች። አላገባችም። ገንዘብ የላትም። ካረጁ እናቷ ጋር ትኖራለች። ደግ ናት፤ ግን ወሬዋ ማለቂያ የለውም። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ኤማም አላገባችም። እሷ ግን ወጣት ናት፣ ቆንጆ ናት፣ ሀብታም ናት። መጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ ጭራሽ አላገባም ብላለች። ያላገባች ሴት የምትናቀው ድሃ ከሆነች ብቻ ነው ባይ ናት።

አንድ ቀን ቦክስ ሂል ወደሚባል ኮረብታ ለሽርሽር ይወጣሉ። አንዱ ወጣት ጨዋታ ያመጣል። እያንዳንዱ ሰው ወይ አንድ በጣም ብልህ ነገር፣ ወይ ሁለት መካከለኛ፣ ወይ ሦስት ደደብ ነገር ይናገር ይላል። ሚስ ቤትስ ደስ ብሏት፣ ሦስቱ ለእኔ ነዋ፣ አፌን እንደከፈትኩ ይወጣሉ ትላለች። ራሷ ላይ እየቀለደች ነው፤ ሰው አብሯት እንዲስቅ እየጋበዘች ነው። ኤማ ታዲያ ዝም ማለት አቃታት። ችግር አለ፣ በአንድ ጊዜ ከሦስት ማለፍ አይፈቀድልዎትም አለቻት።

ሚስ ቤትስ ቶሎ አልገባትም። ከዚያ ገባት። አልተቆጣችም። ፊቷ ግን ቀላ። ጎኗ ላለው ሰው፣ እንግዲህ አፌን ለመያዝ እሞክራለሁ፣ ሰው የሚያስቸግር ነገር ቢኖርብኝ ነው እንጂ ለቆየች ወዳጇ እንዲህ ባላለችኝ ነበር አለች። ለቆየች ወዳጇ! ይህን አንቀጽ ሳነብ ሁልጊዜ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀምጣለሁ። የቤተሰቡ የቆየ ወዳጅ ሚስተር ናይትሊ በኋላ ኤማን ነጥሎ በብርቱ ገሠጻት። ኤማ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሠረገላው ውስጥ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። በማግስቱ ጠዋት ሚስ ቤትስ ቤት ሄደች።

አስቡት እስቲ። በዚህ አስቂኝ ልቦለድ ውስጥ ትልቁ ጥፋት ምንድን ነው? ላላገባች ሴት የተወረወረ አንድ ቀልድ ነው። አስቂኝ መጽሐፍ የምትጽፍ ሴት መጽሐፏ መካከል ላይ ቆማ፣ ይሄኛው ሳቅ አይሳቅም ትለናለች። ሚስ ቤትስ ቀልዱን ስትጀምረው ሳቁ የራሷ ነበር። ኤማ ነጠቀቻት። አዎ፣ ነጠቃ ነው። ሴተላጤን በየመጽሐፉ፣ በየመድረኩ፣ በየጨዋታው መሳለቂያ ሲያደርጓት የሚሆነው ይሄው ነው። ሳቋን ወስደው መልሰው ይወረውሩባታል።

እሺ፣ ሁለተኛው ነገር። ጓደኛ ስታገባ ምን ይሆናል?

ፍቅረኛ ሲሄድ ዘፈን አለ፣ ግጥም አለ፣ የሚያጽናና ሰው አለ። ጓደኛ ስታገባስ? እልል ነው የሚባለው። ደስታ ነዋ! ደስታም ነው። ግን የሆነ ነገር ጎድሏል፤ ጎደለብኝ ማለት ደግሞ ምቀኝነት ይመስላል። የዚያች የሹራቧ ጓደኛዬ ሠርግ ላይ ከሁሉም በላይ የጨፈርኩት እኔ ነኝ፤ ከልቤ ነው የጨፈርኩት። ከዚያ በኋላ ስደውልላት፣ «ቆይ፣ ትንሽ ቆይቼ ልደውልልሽ» ማለት ጀመረች። ትደውላለች፤ አልዋሽም። ግን ወሬ ትኩስነቱ አለፈ ማለት አለፈ ነው። ለዚህ ኀዘን ስም ያለው ሰው አላጋጠመኝም።

እነዚህ ልቦለዶች ግን ያውቁታል። «ኤማ» የሚጀምረው የት ይመስላችኋል? ሠርግ ካለቀ በኋላ። ኤማን ያሳደገቻት፣ በኋላም የልብ ጓደኛዋ የሆነችው ሚስ ቴይለር በዚያ ቀን አግብታ ሄዳለች። ለ16 ዓመት አብረው ኖረዋል። ኤማ ምሽቱን ከአባቷ ጋር ብቻዋን ተቀምጣለች። ሌሎች ልቦለዶች የሚያልቁበት ቦታ ላይ ይሄኛው ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ኤማ የምትሠራው ስህተት ሁሉ፣ ሰው ላጋባ ብላ የምታቦካው ሁሉ፣ ያንን ባዶ ወንበር ለመሙላት ነው። እኔ እንደዚያ ነው የማነበው።

«ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ውስጥ ደግሞ ሻርሎት አለች። የ27 ዓመት ሴት ናት፤ የዋናዋ ገጸ ባሕርይ የኤልሳቤጥ የቅርብ ጓደኛ። ኤልሳቤጥ እምቢ ያለችውን አሰልቺውን ሚስተር ኮሊንስን አገባዋለሁ ብላ እሺ አለች። ፍቅር ስለያዛት አይደለም፤ ቤት ስለፈለገች ነው። ኤልሳቤጥ ደነገጠች። ከዚያ ወዲያ በመካከላቸው የቀድሞው መተማመን እንደማይመለስ ተሰማት። አንባቢ ሁሉ ኤልሳቤጥ በኋላ ስለምታገባው ስለ ሚስተር ዳርሲ ያወራል። እኔ ሻርሎት ናት የምታሳዝነኝ። ተሳስታለች? ኤልሳቤጥስ አልከበደችባትም? ከአንባቢ ጓደኞቼ ጋር ስንከራከርበት ማታው ይመሻል፤ እስካሁን አልተስማማንም።

ሦስተኛው፣ ስልክ። እዚህ ላይ ቶሎ ልለፍ።

ብዙ ሰው «ስልክ ፍቅርን ገደለው» ይላል። ለአስቂኝ ልቦለድ ግን ስልክ ሲሳይ ነው የሆነለት። ድሮ ደራሲዋ ደብዳቤ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረባት። አሁን አንድ መልእክት ይመጣና ሦስት ራስ አንድ ስክሪን ላይ ይደፋል። አይቼዋለሁ፤ ከሦስቱ ራሶች አንዱ የእኔ ነበር። መልእክቱ «እናወራለን።» የሚል ነው። ከነአራት ነጥቡ። አንዷ «አራት ነጥብ ያደረገ ሰው ተቆጥቷል» አለች። ሌላዋ «አይ፣ የተማረ ሰው ነው» አለች። ባለስልኳ ልጅ ስልኩን ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ «ኦንላይን ነው! ኦንላይን ነው!» ተባለ፤ ሁላችንም እስትንፋሳችንን ያዝን። ምንም አልጻፈም። ጠፋ። የዘመኑ ፍቅር ግማሹ እንዲህ ያለ ትርጓሜ ነው። ትርጓሜው ደግሞ ለብቻ አይሠራም፤ ጉባኤ ይፈልጋል።

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ካንዲስ ካርቲ ዊልያምስ ይሄ በደንብ ገብቷታል። በ2019 የወጣው «ኩዊኒ» ለንደን ውስጥ ስለምትኖር የ25 ዓመት ጥቁር ሴት ነው፤ ዘሯ ከጃማይካ ነው። ኩዊኒ ከፍቅረኛዋ ጋር ከተለያየች በኋላ ኑሮዋ ይመሰቃቀላል። ጓደኞቿን የምታገኝበት የቻት ግሩፕ አላት፤ ስሙ «ኮርጊዎቹ» ነው። ኮርጊ የንግሥት ኤልሳቤጥ ውሾች ዝርያ ነው። ንግሥቲቱ ኩዊኒ ናት፣ ጠባቂዎቿ ጓደኞቿ። መጽሐፉ ያስቃል፣ ግን የዘረኝነቱ፣ የጭንቀቱ፣ የእናቷ ነገር ሲመጣ ሳቁ አፍ ላይ ይቀራል። በ2020 የብሪታንያ የመጻሕፍት ሽልማት ላይ የዓመቱ መጽሐፍ ተብሏል። «ቀለል ያለ ንባብ» የምትሉ ሰዎች፣ ይሄን አንብቡና እንነጋገር።

አሁን ወንድሞቼን ላናግር። አዳራሹ ውስጥ ያላችሁት ጥቂት ናችሁ፤ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ወንደላጤ ራሱን ሲፈልግ፣ ሲጠጣ፣ ሲሳሳት፣ ሲያፈቅር የሚተርክ ልቦለድ ስታነቡ «የወንድ መጽሐፍ» ትሉታላችሁ? አትሉም። ልቦለድ ነው የምትሉት። ታዲያ የሴተላጤዋ ለምንድን ነው የሴት መጽሐፍ የሚሆነው? እናንተ በሌላችሁበት ክፍል ውስጥ ስለ እናንተ ምን እንደሚወራ ማወቅ አትፈልጉም? እዚያ ተጽፏል። ከነአራት ነጥቡ ተጽፏል።

ይህ መናቅ የሰው ዕድሜ በልቷል። ባርባራ ፒም የምትባል እንግሊዛዊት ደራሲ ነበረች። እሷም አላገባችም። በ1952 ያወጣችው «ኤክሰለንት ዊመን» ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለንደን ውስጥ የምትኖር ሚልድሬድ የምትባል የቄስ ልጅ ታሪክ ነው። ሚልድሬድ ከሠላሳ ትንሽ ያለፈች ላጤ ናት። ስላላገባች ሰው ሁሉ ሥራ ፈት አድርጎ ያያታል። ባልና ሚስት ሲጣሉ እሷ ታስታርቅ፣ ዕቃ ሲጓጓዝ እሷ ትቆጣጠር፣ ሰው ሲከፋው እሷ ሻይ ታፍላ። ሁሉንም በጨዋ አንደበት ስትተርከው በሳቅ ትገድላችኋለች። በ1963 ፒም አዲስ ልቦለድ ለአሳታሚዋ ሰጠች። አሳታሚው መለሰባት። ሌሎችም መለሱባት። ዘመኑ አልፎበታል ተባለ። መጻፏን አልተወችም፤ ግን እስከ 1977 ድረስ አንድም አዲስ ልቦለድ አልታተመላትም። 14 ዓመት ማለት ነው። በ1977 አንድ የሥነ ጽሑፍ ጋዜጣ ያለአግባብ ዝቅ ተደርገው የታዩ ደራሲያን እነማን እንደሆኑ ሲጠይቅ፣ ገጣሚው ፊሊፕ ላርኪንና ሃያሲው ሎርድ ዴቪድ ሴሲል ሁለቱም ስሟን ጠሩ። በዚያው ዓመት መጽሐፏ ወጣ፤ ቡከር ለተባለው ታዋቂ የብሪታንያ የልቦለድ ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎችም ውስጥ ገባ። በ1980 መጀመሪያ አረፈች። ያ 14 ዓመት ስንት መጽሐፍ ይወጣው ነበር? እኔን ያናድደኛል።

የምትጽፉ ወጣቶች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ጓደኛዋን የቤት ዕቃ አታድርጓት። ብዙ ደካማ ልቦለድ ውስጥ ጓደኛዋ ሥራዋ መጠየቅ ብቻ ነው። የራሷ ቤት የላትም፣ የራሷ ዕዳ የላትም፣ ደክሟት አያውቅም። አሜሪካዊቷ ደራሲ ቴሪ ማክሚላን በ1992 ባወጣችው «ዌይቲንግ ቱ ኤክሄል» ውስጥ አራት ጥቁር ሴቶች አሉ፤ ፊኒክስ ከተማ ነው የሚኖሩት። አራቱም የየራሳቸው ምዕራፍ አላቸው። አንዷ ስታወራ ሌላዋ ትሰማለች፤ ምዕራፉ ሲዞር ታሪኩ የሰሚዋ ይሆናል። ወዳጅነት ማለት ይሄ መፈራረቅ ነው። ጓደኛዋ አንዳንዴ «ዛሬ አልችልም» ትበል። አንዳንዴ ትሰልች። ልክ ያልሆነ ምክር ትስጥ። ያኔ ነው ሰው የምትሆነው።

ወደ ፒም አንድ ጊዜ ልመለስና ልጨርስ፤ ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው። በ1977 የወጣው መጽሐፏ «ኳርቴት ኢን ኦተም» ይባላል። አንድ ቢሮ ውስጥ ስለሚሠሩ፣ ጡረታ ስለደረሱ አራት ሰዎች ነው። አንዷ ሌቲ ናት። አላገባችም። ጡረታ ስትወጣ ማርጆሪ ከምትባል የድሮ ጓደኛዋ ጋር ገጠር ያለ ቤት ውስጥ አብረው ሊኖሩ ተስማምተዋል። በዚህ መሃል ማርጆሪ አንድ ቄስ ልታገባ ነው። ሌቲ ከዕቅዱ ወጣች። ማንም ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እሷም አልጮኸችም። ፍቅር እኮ በዚህ ዕድሜም ይመጣል፣ በዚህ ዕድሜም የጓደኛን ቤት ያፈርሳል። ከዚያ ቄሱ ማርጆሪን ትቶ ሌላ ሴት ጋር ሄደ። ማርጆሪም ወደ ሌቲ ተመለሰች፤ ነይ እንደድሮው አብረን እንኑር አለች።

ሌቲ ወዲያው እሺ አላለችም። መምረጥ እንደምትችል ገብቷታል። ሄዳ ከማርጆሪ ጋር መኖር ትችላለች፤ ባለችበት መቅረትም ትችላለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሌሎች የወሰኑትን ስትቀበል የኖረች ሴት ናት። አሁን ሰው መልሷን እየጠበቀ ነው። ምን ብላ እንደምትመልስ ግን አልነግራችሁም፤ መጽሐፉን ለምታነቡት ልተወው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ማይክሮፎኑ ይዙር፤ በሻርሎት ጉዳይ የማይስማማ ካለ ከእሱ እንጀምር።